ነፍሰ ጡር እናትና የቤት ድመት፦ ሸሪዓውም ሕክምናውም ምን ይላሉ?

(በራዲዮ ዝግጅት የተላለፈ ትምህርት፤ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የቀረበ)

 

ይህን ርእስ ያስመረጠን ከማንኩሳ አካባቢ የደረሰን አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂው ወንድማችን በቆሎና ጤፍ ገዝቶ የሚሸጥ እህል ነጋዴ ነው። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ጽንስ ጨንግፎባታል፤ አሁን ሦስተኛዋን አርግዛለች። ከከተማ የመጣ አንድ ዘመድ ድመት ባለበት ቤት ጽንስ እንደማይጸና፣ ይህንንም ሐኪሞች እንደሚያውቁት ነገራቸው። የወንድማችን እናት ይህን ሲሰሙ ነገሩን ወደ ምራታቸው አዞሩት፤ ድመቷን ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣች እርሷ ናትና። ወንድማችን ሁለት ነገር ይጠይቃል። ድመቷን ከነልጆቿ በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ብር ወንዝ ቢጥላት ወንጀል አለበት ወይ? ሚስቱስ ለጠፉት ጽንሶች ተጠያቂ ናት ወይ?

መልሱ አጭር ነው። ድመቷን እንዲህ ማድረግ አይፈቀድለትም፤ ሚስቱም አትጠየቅም። ይሁን እንጂ ዘመዱ የተናገረው ነገር ከባዶ የተነሣ ስላልሆነ፣ እውነቱን ከስሕተቱ ለይቶ ማስረዳት ያስፈልጋል። ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት ይልቅ ትዳር ሲያናጋ በየመንደሩ እናያለን።

በመጀመሪያ የድመትን ነገር ከዲናችን አንጻር እንይ። የአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) የልጃቸው ሚስት ከብሻ ቢንት ከዕብ ያወሳችው ታሪክ በሙወጠእ፣ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። ለአማቷ የኡዱእ ውኃ ቀድታ ሳለ ድመት መጣች። አቡ ቀታዳም እስክትረካ እንድትጠጣ ዕቃውን አዘነበሉላት። ከብሻ በመገረም ስታያቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በቤታችን ከሚመላለሱት መካከል እንደሆነች ማስተማራቸውን ነገሯት። ከዚህ ሐዲስ በመነሣት አብዛኞቹ ዑለማእ የድመት ምራቅም ሆነ የጠጣችበት ውኃ ንጹሕ ነው ብለዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ሌላ ውኃ እያለ በእርሱ መጠቀምን ጠልተውታል እንጂ ነጃሳ ነው አላሉም።

ይህ ስለ አፏ ነው። ዓይነ ምድሯ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሥጋው የማይበላ እንስሳ ዓይነ ምድርና ሽንት ነጃሳ መሆኑን የፊቅህ ኪታቦቻችን ገና በጦሃራ ምዕራፍ ላይ ያስተምሩናል። አፍና ዓይነ ምድር መለየታቸውን ያዙልኝ። ወደ ሕክምናው ስንሄድ ሐኪሞቹም የሚለዩት በዚሁ መስመር ላይ ነው።

ከረጢቱንና ወንዙን በሚመለከት፣ ድመት አስራ ሳታበላትና ራሷም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት በረሃብ በመግደሏ ስለተቀጣችው ሴት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ያልሰማ ሙስሊም ያለ አይመስለኝም። ያች ሴት ድመቷን ወንዝ አልጣለቻትም፤ በረሃብ ያዘቻት እንጂ። ወንድማችን ድመት አልፈልግም ካለ፣ ለሚፈልጋት ጎረቤት መስጠት ይችላል። በእርግጥ እህል በሚከማችበት ቤት ድመት ስትወጣ አይጥ እንደሚገባ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል።

አሁን ወደ በሽታው እንምጣ። ስሙ ቶክሶፕላዝሞሲስ ይባላል። የሚያመጣው ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ የተባሉ ተመራማሪዎች ቱኒስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም፣ ጉንዲ በምትባል አይጥ መሰል የበረሃ እንስሳ ውስጥ አገኙት። ድመት በነገሩ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳላት ለማወቅ ግን 60 ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ተውሳኩ በበግ፣ በፍየል፣ በዶሮ፣ በአይጥና በሰውም ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ዘሩን በዓይነ ምድር በኩል ወደ ውጭ የሚጥለው ግን በድመትና በድመት ዝርያዎች ብቻ ነው። ድመት ተውሳኩ ያለበትን አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ ስትበላ ትያዛለች። ከዚያ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠር የተውሳኩን ዘር ከዓይነ ምድሯ ጋር ታወጣለች። አብዛኞቹ ድመቶች ይህን የሚያደርጉት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ፣ ገና ማደን ሲጀምሩ ነው። ስለዚህ ለዓመታት በቤት የኖረችው አሮጊት ድመት ሳትሆን፣ አይጥ መያዝ የጀመሩት ልጆቿ ናቸው ይበልጥ የሚያሳስቡት።

ልብ በሉ፤ ዘሩ እንደወጣ ወዲያው ሰውን አይዝም። አየርና እርጥበት አግኝቶ እስኪበስል ድረስ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ ግን በእርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። በየቀኑ የሚጠረግ የድመት ዓይነ ምድርና ሳምንት የሰነበተ ዓይነ ምድር አንድ ያልሆኑት ለዚህ ነው። ድመቷን መዳበስ፣ አጠገቧ መቀመጥ ወይም ምራቋ መንካቱ የበሽታው መንገድ አይደለም። እንግዲህ የአቡ ቀታዳ ድመት ከኡዱእ ዕቃው በመጠጣቷ ማንንም አላሳመመችም ማለት ነው።

ጤነኛ ሰው በዚህ ተውሳክ ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። አንዳንዱ ጉንፋን የመሰለ ድካም ይይዘዋል፣ አንገቱ ሥር ንፍፊት ይወጣበታል፣ ከዚያ ይተወዋል። ተውሳኩ በሥጋው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ የሰውነቱ መከላከያም ያውቀውና ይጠብቀዋል። ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን መከላከያቸው ሲዳከም የተኛው ተውሳክ ተነሥቶ አንጎላቸውን ሊያጠቃ ስለሚችል፣ ከጤና ተቋም የሚሰጣቸውን መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ አለባቸው። ኮትራይሞክሳዞል የሚባለው መድኃኒት ከሚከላከላቸው በሽታዎች አንዱ ይህ ነው።

ለጽንሱ አደጋ የሚሆነው እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘችው በእርግዝናዋ ወቅት ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ተውሳኩ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ጽንሱን ሊደርስበት ይችላል። በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት፣ እናትየው በ13ኛው ሳምንት ብትያዝ ወደ ጽንሱ የመተላለፉ ዕድል ከመቶ 6፣ በ26ኛው ሳምንት ከመቶ 40፣ በ36ኛው ሳምንት ደግሞ ከመቶ 72 እንደሆነ አሳይቷል። ጉዳቱ ግን በተቃራኒው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተላለፈ ጽንሱ ሊጨነግፍ፣ ወይም ልጁ በጭንቅላቱ ውኃ የቋጠረ፣ አንጎሉና ዓይኑ የተጎዳ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። በመጨረሻ የተላለፈበት ልጅ ሲወለድ ጤነኛ ይመስልና የዓይን ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ሊታይ ይችላል።

ይህ የሚያስፈራው ክፍል ነው። አሁን ደግሞ በአገራችን የተገኘውን ስሙ። በጅማ ከተማ በ201 ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት ከመቶ 83.6 የሚሆኑት ቀደም ሲል በተውሳኩ መያዛቸው በደም ምርመራ ታውቋል። በቅርብ መያዝን ሊያመለክት የሚችለው ምልክት የተገኘባቸው ግን ከመቶ 2.5 ብቻ ነበሩ። በ2013 የታተመው የመካከለኛው ኢትዮጵያ ጥናት ከመቶ 81.4 አግኝቷል። ወደ እኛ ቀረብ ስንል በደብረ ታቦር በ263 እናቶች ላይ የተደረገውና በ2015 የወጣው ጥናት ከመቶ 68 ያህል አሳይቷል።

ቁጥሩን ሰምታችሁ አትደንግጡ። የእነዚህ እናቶች አብዛኞቹ ሳያውቁት፣ ምናልባት በልጅነታቸው፣ ተይዘው አልፎላቸዋል። አንዴ የተያዘችና መከላከያዋ ጤነኛ የሆነ እናት በኋላ ስታረግዝ ጽንሷ በዚህ በሽታ የመጎዳቱ ነገር እጅግ የጠበበ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሰውነቷ ውስጥ ባኖረው መከላከያ ልጇ ይጠበቃል። መጠንቀቅ የሚገባት ከመቶ ሠላሳዋ ወይም ሃያዋ፣ ገና ያልተያዘችው ናት። ማን የትኛዋ እንደሆነች ያለ ምርመራ ስለማይታወቅና ምርመራውም በየጤና ጣቢያው የእርግዝና ክትትል የተለመደ ስላልሆነ፣ ሁሉም ነፍሰ ጡር ብትጠነቀቅ ይሻላል እንላለን።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ወንድማችን በደንብ ይስማ። አንዲት ሴት በዚህ ተውሳክ ምክንያት አንድ ጽንስ ልታጣ ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ ግን መከላከያው ስላላት እንደገናና እንደገና በእርሱ ሰበብ ማጣቷ የሚጠበቅ አይደለም። ጽንስ ሲደጋገም የሚጨነግፍ ከሆነ ሐኪሙ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። የማኅፀን በር መላላት፣ የስኳር በሽታ፣ ቂጥኝ፣ ወባ፣ በተለምዶ ሾተላይ የምንለው የባልና የሚስት ደም አለመስማማት፣ ሌላም ሌላም አለ። ቂጥኝ ከሆነ ባልም አብሮ መመርመርና መታከም አለበት፤ ሾተላይም ከሆነ የባል ደም ዓይነት ይታያል። ስለዚህ «ድመቷ ናት» ብሎ መቀመጥ ድመቷን ብቻ የሚጎዳ እንዳይመስላችሁ። ሊታከም የሚችለውን እውነተኛ ምክንያት ሸፍኖ ሦስተኛውንም ጽንስ ሊያሳጣ ይችላል። ባል ሚስቱን ይዞ፣ ያለፉትን ጽንሶች በስንት ወር እንዳጡ አስታውሶ፣ ሦስተኛው ወር ሳይሞላ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወይም አቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እናታችንንም በአክብሮት እንላለን፤ ቁርኣን በሱረቱል በቀራ እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳ አዝዟል። በሆዷ ይዛ ያጣችውን ሴት በነገር መውጋት ከዚህ ትእዛዝ መንፈስ ጋር አይሄድም።

ታዲያ ሰው በዋናነት የሚያዘው ከየት ነው? እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ያልጠበቃችሁት ነገር አለ። በስድስት የአውሮፓ ከተሞች በነፍሰ ጡሮች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት፣ ከያዛቸው መካከል እንደየከተማው ከመቶ 30 እስከ 63 የሚሆነው በደንብ ባልበሰለ ወይም ጥሬ በደረቀ ሥጋ፣ ከመቶ 6 እስከ 17 የሚሆነው ደግሞ ከአፈር ንክኪ እንደመጣ ገምቷል። ከድመት ጋር መኖር ግን ከበሽታው ጋር አልተያያዘም። በእኛም አገር ውጤቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ በጅማው ጥናት ቤታቸው ድመት ያለ እናቶች ይበልጥ ተይዘው ሲገኙ፣ በአዲስ አበባ በሁለት ሆስፒታሎች 288 እናቶች ታይተው በ2015 በወጣው ጥናት ግን ከመቶ 85.4 ቢያዙም ድመት ያላትና የሌላት ልዩነት አልታየባቸውም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የእኛ አገር ድመት በአንድ ቤት አትወሰንም። የጎረቤት ድመት የእኛ ጓሮ ትጸዳዳለች። ድመቱን ወንዝ የጣለ ሰው ጓሮውን ወንዝ አልጣለውም።

ስለዚህ ከሥጋ እንጀምር፤ በእውነቱ እኛ ሙስሊሞች በዚህ ላይ ከሌላው አንሻልም። ዐረፋ ሲደርስ፣ ሠርግ ሲሆን፣ ጥሬ ሥጋ የማይቀርብበት ቤት ጥቂት ነው። አንዳንዱ «ሐላል የታረደ፣ ቢስሚላህ የተባለበት ሥጋ ምን ያደርጋል» ይላል። ወንድሜ፣ ቢስሚላህ ሥጋውን ሐላል አደረገልህ፤ ማብሰሉን ግን ለአንተ ተወልህ። ሚጥሚጣም ሎሚም ተውሳኩን አይገድሉትም። የሚገድለው እሳት ነው፤ የሥጋው መካከል 67 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ይሞታል። ቤታችን መለኪያ ስለሌለ፣ ለብ ለብ ያለ ክትፎና ዱለት ለነፍሰ ጡር አይቅረብ፤ ውስጡ ቀይ የሆነ ሥጋም እንደዚያው፤ የበግና የፍየል ሥጋ ላይ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ቋንጣም በወጥ በደንብ ተቀቅሎ ይበላ። የፍየል ወተት ይፈላ። ሥጋ የከተፈችበትን ቢላና መክተፊያ ሳታጥብ ሰላጣና ቃሪያ አትክተፍበት፤ ወጥ ስትቀምስም ሥጋው ሳይበስል አትቅመስ።

በዐረፋ ዕለት የምናደርገው ሌላም ስሕተት አለ። የበጉን ጥሬ ጣፊያና ርዝራዥ ለድመት እንወረውራለን። ለእንስሳት ማዘን መልካም ነው፤ ነገር ግን በጉ ተውሳኩ ከነበረበት በዚያች ቁራጭ ድመቷን ይዘናታል፣ እርሷም በሚቀጥሉት ሳምንታት ጓሮውን ትሞላዋለች። ቀቅላችሁ ስጧት። የበሰለ የምትበላ ድመት አይጥ መያዟን ባትተውም፣ አደጋው ይቀንሳል።

ቀጥሎ አፈርና አመድ። ድመት ልል ነገር ትወዳለች፤ አመድ፣ አሸዋ፣ የተቆፈረ የጓሮ መሬት፣ የጭድ ክምር። በገጠር ቤታችን አመድ የሚያወጣው ማን ነው? ጓሮ የሚኮተኩተው፣ ቤት የሚለቀልቀው፣ ጭቃና እበት በእጁ የሚያቦካው ማን ነው? ሴቲቱ ናት። ባሏ ወንዝ ሊጥላት የሚያስባት ድመት ያረፈችበትን አመድ በየማለዳው በእጇ የምታፍሰው እርሷው ናት። የዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ሥራውን ለእርግዝናዋ ወራት ከእጇ መውሰድ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራናለች። አመድ ማውጣት ከማንም ወንድ ክብር የሚቀንስ አይደለም። የድመቷ መጸዳጃ በየቀኑ ይጠረግ፤ የሚጠርገው ሰው እጁን በፌስታል ይሸፍን፤ ዓይነ ምድሩ ከጓሮ አትክልትና ከምንጭ ርቆ በጥልቅ ይቀበር፤ ዕቃውም በፈላ ውኃ ይለቅለቅ። የሚረዳት ሰው ፈጽሞ ከሌለና ራሷ መሥራት ግድ ከሆነባት እጇን ሸፍና ትሥራ፣ ሲጨርሱም በሳሙና በደንብ መታጠብ ነው።

እዚህ ላይ ሴቶች እኅቶቻችን በአደባባይ የማይናገሩትን አንድ ነገር ላንሣ። አንዳንድ ነፍሰ ጡሮች አፈር ያምራቸዋል፤ ከግድግዳ ልቅላቂ ቆርሰው የሚበሉ አሉ። ይህ ማሾፊያ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር የሚታይ ስለሆነ ለጤና ባለሙያዋ መንገር ያስፈልጋል። አፈሩ ግን የድመትም የሌላም ነጃሳ ያረፈበት ሊሆን ስለሚችል መታቀብ ይገባል።

ጥሬ የሚበላ ነገር፣ ቃሪያም ቲማቲምም ሰላጣም፣ በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይበላ። የምንጭና የወንዝ ውኃ ይፈላ። የውኃውና የምግቡ ዕቃ ይከደን፤ ማታ ማታ ዕቃዎቻችንን እንድንከድን በሐዲስ የታዘዝነውን ስንቶቻችን እንፈጽመዋለን?

በእርግዝናዋ ወቅት ንፍፊትና ትኩሳት የታየባት፣ ወይም ሐኪም የተጠራጠራት እናት በትልልቅ ሆስፒታሎች ወይም በግል ላቦራቶሪዎች የደም ምርመራ ልታገኝ ትችላለች። በአዲስ መያዟ ከተረጋገጠ ስፓይራማይሲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ጽንሱም ከተያዘ ሌሎች መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣሉ። ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በግምት መዋጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከመድኃኒቶቹ መካከል በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱን የሚጎዳ አለና። ታከሙ ተብለናል፤ የምንታከመው ግን ከሚያውቅ ሰው ነው።

በመጨረሻም ከቡሬ አንዲት እኅታችን የላከችውን አጭር ጥያቄ እንመልስ። ድስትና ሳህን የምታሸው በአመድ እንደሆነ፣ ድመት አመዱ ላይ እንደምትጸዳዳ ነግራን፣ ዕቃው ይነጀሳል ወይ ብላለች። አዎ እኅቴ፤ የድመት ዓይነ ምድር የተቀላቀለበት አመድ ነጃሳ የያዘ ስለሆነ በእርሱ የታሸው ዕቃ በውኃ በደንብ ታጥቦ መጽዳት አለበት፤ ከጤናም አንጻር የማይደረግ ነው። አመዱን ከምድጃው ሲወጣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጪው፤ ለማሻ የምትፈልጊውን ከዚያ ውሰጂ። ውጭ የተደፋውን ለድመቷ ተዪላት፤ እርግዝና ካለሽ ደግሞ እርሱን ሌላ ሰው ይጥረገው።